የአራተኛው በር መርዶ

ታዋቂ ሰው ሁሉ ሰፈር አለው። ሰፈሩም ታዋቂ ሰው እንዳለው ያውቃል፤ ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ልጅ ዘፍኖ፣ ወይ ሮጦ፣ ወይ ኳስ መትቶ ስሙ ሲነሣ የሰፈሩ ሰው በአንድ አፍ «እኛ ያሳደግነው» ይላል። አፍንጫውን ጠርገንለታል፣ ከአጥር ሥር ሲያጨስ አይተን ለእናቱ ሳንነግር አልፈነዋል፣ ወይም ነግረን አስገርፈነዋል፤ ሁለቱም ውለታ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ቤት ቢሠራ፣ መኪና ቢለዋውጥ፣ አንዱ አገር ቁርስ በልቶ ሌላው አገር ምሳ ቢበላ ማንም አይቀየመውም። ለቅሶ ቢቀር ግን አለቀለት። ስንቱን ሰው «ከታወቀ በኋላ ለቅሶ እንኳ አይደርስም» ብለን ከልባችን እንዳስወጣነው እናንተም ታውቃላችሁ።

ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ኩባዎችም እንዲሁ ኖረዋል። ይህን ያወቅሁት መጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ አገራቸውም ሄጄ አላውቅም። ያወቅሁት እዚሁ ለንደን ውስጥ፣ በጓደኛዬ በደምሴ በኩል፣ ባላወቅሁት በሚሻለኝ መንገድ ነው።

ደምሴ በደርግ ጊዜ አባቱ ጦር ሜዳ የቀረበት ልጅ ነው። ገና በአሥር ዓመቱ እንደ እሱ ካሉ ብዙ ልጆች ጋር መርከብ ላይ ተጭኖ ኩባ ተላከ። አሥራ ሁለት ዓመት እዚያው ተማረ፤ ጨርሶ ሊመለስ ሲል የላከው መንግሥት ራሱ አልነበረም። ተንከራትቶ ለንደን ገባ፣ ሃያ ዓመት አውቶቡስ ነዳ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው ቀደም ብሎ ጡረታ ወጣ። ሆሎዌይ ውስጥ፣ ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ፣ በካውንስል ቤት፣ እኛ የቀበሌ ቤት በምንለው ዓይነት፣ ይኖራል። ዝምተኛ ሰው ነው። እጁ ከኪሱ የሚወጣው ስፓኒሽ ሲናገር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ትከሻው፣ ቅንድቡ፣ አንገቱ ሁሉ አብሮ ይናገራል። ክፋቱ፣ ለብዙ ዓመት የሚያናግረው ሰው አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ሆሎዌይ ሮድ ላይ ካለች የስልክ ሱቅ ስንገባ አራት ጎረምሶች ባለሱቁን በእጅ በእግር ሲያስረዱት ደረስን። ሲም ካርድ ፈልገው ነው፤ ባለሱቁ ደግሞ ቻርጀር እየደረደረላቸው ነው። ደምሴ ጣልቃ ገባ። አራቱም ዞር ብለው ሲያዩ የአገራቸውን ሰው ሳይሆን ሸበቶ ሐበሻ አገኙ፤ ያውም አያቶቻቸው ይናገሩት የነበረውን የድሮ ስፓኒሽ የሚናገር። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ አቀፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ የደምሴ ቤት የእነሱ ቤት ሆነ።

አራቱ ልጆች የሬጌቶን ቡድን ናቸው። ሬጌቶን የሚባለውን ሙዚቃ ስሙን ባታውቁት እንኳ በጎረቤት ግድግዳ በኩል ሰምታችሁታል። ያደጉት ሃቫና ውስጥ፣ አሥራ ሰባት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ነው። በሮቹ በቁጥር ናቸው። አራተኛው በር የሚርታ ነው፤ ሚርታ ልብስ ሰፊ ናት፣ የዘፋኙ የዮስቫኒ እናት። ልጆቹ የሚለማመዱት እሷ በር ላይ ነበር፤ ምክንያቱም የድምፅ ማጉያቸው መብራት የሚያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዋ ገመድ ነው። እሷ ስትሰፋ እነሱ ዝም፣ እሷ ስታርፍ እነሱ ጩኸት። የቡድናቸውንም ስም በእሷ በር አወጡት፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «አራተኛው በር» ማለት ነው።

ዘፈናቸውን በፍላሽ እየገለበጡ ለታክሲ ነጂዎች ሰጡ። ታክሲ ውስጥ ያልተሰማ ዘፈን ዘፈን እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን። አንዱ ነጂ ለሌላው እየሰጠ ከሰፈር ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ከተማ ተዛመተና አንድ አዘጋጅ ሰምቶ ለንደን አመጣቸው። ከተማ ያወቀው ዘፈናቸው ደግሞ ስለ ሌላ ነገር አይደለም፤ ስለ ራሷ ስለ ሚርታ ነው። ልምምዱ ሲሞቅ በሩን በርግዳ፣ አንድ እግር ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ትከሻዋን ወደ ላይ ሰቅላ እንዴት እንደምትወጣባቸው። ዮስቫኒ መሐል ላይ ዘፈኑን ያቆምና እናቱን ይሆናል። አወጣጧን፣ ስድቧን፣ ዳሌዋን። ደምሴ ቤት ሲያሳየን እንባዬ እስኪመጣ ስቄያለሁ።

ለንደን ግን ወዲያው ክንዷን አልዘረጋችላቸውም። ኬኒንግተን ውስጥ አንድ ክፍል ለአራት ተኙ፤ በየሠርጉና በየልደቱ፣ ሰው እየበላ ጀርባውን ሰጥቷቸው ዘፈኑ። ሚርታ በስልክ ከደምሴ ጋር ተዋወቀች። በየሳምንቱ ያወራሉ። ልጄን አደራ አለችው። አደራ ደግሞ ለደምሴ ተራ ቃል አይደለም፤ ዮስቫኒ ሲያስለው ኮት የሚገዛ ሰው ሆነ።

ባለፈው ሐምሌ ክላፋም ሜዳ ላይ በአንድ ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ግማሽ ሰዓት ተሰጣቸው። እሑድ ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። ደምሴና እኔ ፎጣና ውሃ ተሸክመን ከጠዋት ጀምሮ አብረናቸው ነን። ስድስት ሰዓት ገደማ የደምሴ ስልክ ጮኸ። ራቅ ብሎ አነጋገረና ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሚርታ ሞተች» አለኝ በአማርኛ፣ ማንም እንዳይሰማ። «ሊነጋጋ ሲል። ልቧ ነው አሉ።»

የደወለችው ጎረቤቷ ካሪዳድ ናት። እዚያ አገር ሬሳ አያድርም፤ በእነሱ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ በእኛ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ትቀበራለች። ግቢው መብራት ከጠፋበት ሁለት ቀኑ ነው፤ ባትሪ የቀረው የካሪዳድ ስልክ ብቻ ነው። ካሪዳድ የግቢውን ሰው ሁሉ ወደ ልጆቹ እንዳይደውል ከልክላለች፤ ልጁ ከአጠገቡ ካለ ትልቅ ሰው አፍ ይስማ ብላ። ከዚያ በኋላ ግን ይደውል። ስልኩን ሚርታ ጆሮ ላይ አደርግለታለሁ፣ የሚላትን ይበላት፣ ከዚያ እንቀብራታለን። አሥር ሰዓት ድረስ እንጠብቀዋለን። ያለችው ይህንን ነው፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

እንግሊዝ ቢሆን ሻይ አፍልቶ ይነግረው ነበር። እኛ ግን ሐበሾች ነን። መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው። መርዶ ንጋት ይፈልጋል፣ የጠገበ ሆድ ይፈልጋል፣ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች ይፈልጋል። በሰው አገር መንገድ ላይ፣ በባዶ ሆድ፣ በስልክ መርዶ መንገር ለእኛ ሰውን ገፍትሮ ገደል ከመክተት አይለይም። ክፉ ስለሆንን አይደለም። ስለምንሳሳ ነው፤ እናንተም ብትሆኑ ያንኑ ታደርጉ ነበር ብዬ ራሴን ለማጽናናት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ።

«ይጨርስ» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ደምሴ አይደለም። ሌላው ሰው ሲያወራው ነገሩን በደምሴ ላይ ስለሚደፈድፈው እዚህ ላይ ቁርጡን ልናገር።

ደምሴም ተስማማ። «የኔ እናት የሞተች ጊዜ ኩባ ነበርኩ» አለ። «ፈተና እስክጨርስ ደበቁኝ። ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ወድቄ እቀር ነበር።»

ሆኖም አንድ ሰው እናማክር አለና ለእትዬ አስካለ ደወልን። እትዬ አስካለ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ በሆሎዌይ ዙሪያ ያለ እሳቸው መርዶ ተነግሮ አያውቅም።

«እንዳትነግሩት!» አሉ ገና ሳንጨርስ። «ሳይበላ? ሜዳ ላይ? ምን ሆናችኋል እናንተ! ማታ አብሉት፣ እቤት አሳድሩት፣ ንጋት ላይ ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

«እትዬ፣ ልጁ ግን ከቀብር በፊት ይደውል ተብሏል» አላቸው ደምሴ።

«ደውሎ ምን ሊያደርግ? ሬሳ ሃሎ ይላል? ልጁን አትርፉ።» ቀጠል አድርገውም «ኦርቶዶክስ ናት?» አሉ።

«ካቶሊክ ትመስለኛለች።»

«ያው ናት። ነፍስ ይማር።»

በቃ፣ ተፈረደ። መድረክ ላይ ስልክ አይፈቀድም ብዬ የአራቱንም ስልክ ሰብስቤ፣ አጥፍቼ፣ በሱፐርማርኬት ላስቲክ ከተትኩ። ማንም እንዲህ ያለ ነገር አልከለከለም። ዮስቫኒ ስልኩን ሲሰጠኝ ሳመኝ።

የዚያን ቀኑን አዘፋፈን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ልጁ እሳት ሆነ። የለንደን ሰው፣ ሣር ላይ ተኝቶ ቢራውን የሚጠጣው ሁሉ፣ ተነሣ። ወደ መጨረሻው የሚርታን ዘፈን ጀመሩ፣ መሐል ላይ ሙዚቃው ቆመ፣ ዮስቫኒ ጫማውን አውልቆ እናቱን ሆነ። ትከሻዋን ሰቀለ። ዳሌዋን ወዘወዘ። በእሷ ድምፅ ሺሕ ሰው ሰደበ። ሺሑ ሰው በሳቅ አለቀሰ፤ ከጎኔ የቆመችው እንግሊዛዊት ትከሻዬን ይዛ ነው የሳቀችው። እኔ ግን ማየት አቃተኝ።

በዚያው ሰዓት ካሪዳድ እንደገና ደወለች። ደምሴ ሙዚቃው እንዳይሰማባት ከመጸዳጃዎቹ ጀርባ ሮጦ፣ ስልኩን በጃኬቱ ሸፍኖ አነጋገራት። ለምን አልደወለም አለችው። ደምሴም በዕድሜው ብዙ ያልዋሸ ሰው፣ አንድ ጊዜ ዋሸ። ነግሬዋለሁ አላት፤ እያለቀሰ ነው፣ አፉን መክፈት አቃተው አላት።

ማታ ደምሴ ቤት በላን። ልጆቹ በደስታ ሰክረዋል፤ እኛ ደግሞ ብሉ ብሉ እያልን እናጎርሳለን። ዮስቫኒ ለእናቴ ልደውልና ልንገራት አለ። ሰፈራችሁ መብራት የለም ተብሏል፣ ነገ ትነግራታለህ አልነው፤ ስልኮቹንም እኔ ቤት ረስቻቸዋለሁ አልኩ። ላስቲኩ ኮቴ ሥር ነበር። ሐምሌ ላይ ለንደን ቶሎ አይጨልምም፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ገና ጀምበር ፊት ለፊታችን ባለው ፎቅ መስኮቶች ላይ ነበረች። ደምሴ የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ እኔም አየሁ። ልጁ በአፉ ጉርሻ ይዞ የሆነ ነገር እያወራ ይስቃል። ሰዓቱ አለፈ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ አስካለ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ፔርሙዝ አጥሚት ይዘው መጡ። ዮስቫኒ ወለል ላይ ከተኛበት ዓይኑን ሲገልጥ ነጠላ ያዘቀዘቁ አምስት ሐበሾች ከበውት ተቀምጠዋል። ደምሴ ተንበርክኮ በስፓኒሽ ነገረው። ቃሉን ባልሰማም ፊቱን አየሁት። እትዬ አስካለ ወዲያው ማልቀስ ጀመሩ፤ አይተዋት ለማያውቋት ሴት ከልባቸው ነው ያለቀሱት። «አልቅስ ልጄ፣ አውጣው» ይሉታል። ልጁ አላለቀሰም። ደምሴን ብቻ ነው የሚያየው።

ደምሴ በኋላ እንደተረጎመልኝ ሁለት ነገር ጠየቀ። ቀብሯ መቼ ነው አለ። ትናንት ማታ አለው። አንተ መቼ ሰማህ አለ። ከመዝፈንህ በፊት አለው፤ ሁለተኛ መዋሸት አልቻለም።

ስልኬን ስጡኝ አለ። ላስቲኩን አወጣሁ። ሲከፍተው መልእክቱ እንደ ዝናብ ወረደ። ለካ በእነሱ ቀትር ላይ መብራቱ ተመልሶ ነበር። ክላፋም ሜዳ ላይ አንዱ ተመልካች የቀረጸውን ወዲያው ለቆታል፤ ከሰው ሰው እየተላለፈ ሚርታ ተጋድማ ባለችበት ግቢ ደርሷል። ካሪዳድ ስልኳን ይዛ የሬሳው ራስጌ ላይ የልጁን ድምፅ ስትጠብቅ፣ ለቀስተኛው በሌላ ስልክ ልጁ የእናቱን ዳሌ ሲወዘውዝ አየ። ተነግሮታል ተብለዋል። እያለቀሰ ነው ተብለዋል። የመጀመሪያው መልእክት ቪዲዮው ነበር፤ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ እናትህን የቀበርካት እንዲህ ነው?

ከዚያ ወዲያ ያለውን ምናልባት እናንተም አይታችሁታል። ያ ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። «አራተኛው በር» ዛሬ ትልልቅ አዳራሽ ይሞላል፤ ሆሎዌይ ሮድ ላይ ፀጉር ስትቆረጡ ይሰማል፤ አውቶቡስ ላይ የእንግሊዝ ልጃገረዶች አንድ ትከሻቸውን ሰቅለው እየተሳሳቁ ይቀርጹታል። አልሰማም የሚለው አንድ ሰፈር ብቻ ነው። ታክሲ ነጂዎቹ ያ ዘፈን ሲመጣ ያጠፉታል አሉ። ዮስቫኒ አልተነገረኝም ነበር ብሎ ለግቢው ሁሉ እየደወለ ማለ። ግማሹ አመነው፣ ግማሹ ከታወቀ በኋላ ሰበብ አያጣም አለ። ገንዘብ ቢልክ መለሱለት።

ደምሴ ራሱ ለካሪዳድ ደውሎ ዋሸሁሽ፣ ልጁ አያውቅም ነበር ብሎ አመነ። እሷም በእናንተ አገር እናት ስትሞት ልጅ ምን ያደርጋል አለችው። አይነገረውም አላት። ሌላ ነገር ልትጠይቀው ስትጀምር መስመሩ ተቋረጠ፤ መብራት ሄዶ ይሁን ዘግታበት አላወቀም።

የእኛ ሰው ግን ደምሴን አመሰገነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ «አበጀህ፣ ሥራው ሳይበላሽበት» ይሉታል። እውነታቸውን ነው፤ ሥራው አልተበላሸበትም። ዮስቫኒ አንድ ጊዜ ብቻ መጣ፤ ኮቱን መልሶ፣ በር ላይ እንደቆመ፣ ክፉ ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር ብሎት ሄደ። ደምሴ ይህን ሲነግረኝ «ምን ማለቱ ነው?» አለኝ። የሚያውቀውን ነው የጠየቀኝ። እኔም አላውቅም አልኩት፤ «ይጨርስ» ያልኩት እኔ መሆኔን ለዮስቫኒ አልነገርኩትም፤ ደምሴም አልነገረውም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ባለፈው ሳምንት ነገሩ ሲያንገበግበኝ ጊዜ ለእህቴ ለጽጌ አዲስ አበባ ደወልኩላት። ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። በመጨረሻም «ስሚኝ ጽጌ» አልኳት፤ «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም። አንዳችሁ አንድ ነገር ብትሆኑ በዚያው ሰዓት ንገሪኝ። ሥራ ላይ ነው፣ ብቻውን ነው፣ አልበላም አትበይ። በእግዜር፣ ሰው ሰብስበሽ አትላኪብኝ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ማን ነገረህ?» አለችኝ።

ማንም አልነገረኝም ነበር። ታላቅ ወንድማችን ከሞተ አምስት ወሩ ነው፤ አርባውም ወጥቷል። ስጠይቅ ተኝቷል፣ ጠበል ሄዷል፣ ስልኩ ተበላሽቷል ሲሉኝ የቆዩት ለዚህ ኖሯል።

«መጀመሪያ የዓይንህ ኦፕሬሽን ይለፍ አልን» አለች ጽጌ እያለቀሰች። «ከዚያ ደግሞ ብቻህን ነህ ብለን ፈራን። ለደምሴማ ያን ጊዜውኑ ነግረነዋል፤ አመቺ ቀን እየጠበቀልህ ነው።»